የባንኮቹን መጽሐፍ ማን ወሰደው

ይድረስ ነቀምት ለምታስተምረው ልጄ ለደሚቱ ቦጂያ። እንደምን ሰነበትሽ? ዓይንሽስ? ያ ብርድ ሲመጣ የሚይዝሽ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ አማትሽ ደኅና ናቸው? እኛ ከወገቤ በቀር ደኅና ነን፤ እሱም እርጅና እንጂ በሽታ አይደለም።

የምትጽፈው እናትሽ ናት። መሠረተ ትምህርት ጨርሳ የምስክር ወረቀት ከያዘች ወዲህ እጇ አያርፍም። ስትጨርስ ሁለት ጊዜ አስነብባታለሁ፤ ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ከአፌ ያልወጣ ጨምራለች ማለት ነው። ደብዳቤውን ለፖስታ አልሰጥም፤ የሚያደርስልሽ የጭነት መኪና ሾፌሩ በከር ነው።

አከራያቸው ብለሽ የመረጥሽልኝን ሦስት መጻሕፍት ገዝቼ ልደታ ማርያም በር ላይ ከሌሎቹ ጋር ዘረጋኋቸው። የፍቅር ታሪኩን መጽሐፍ ሴቶች ተራ ይዘው ይጠብቁታል፤ ጀርባው ላልቷል። የሌባና ፖሊሱን የጌጃ ሰፈር ጎረምሶች ይዘውት ይጠፋሉ። የፈረንጅ ባንኮች እንዴት እንደወደቁ ጋዜጠኛ የጻፈውን ግን የነካው አልነበረም። ልጄ ተምራ ተምራ ለሰው አገር ባንክ ታለቅሳለች ብዬ ታዝቤሽ ነበር። በኋላ መምህር ተክለጻድቅ ወሰደው። መልሶ ደግሞ ወሰደው። በሦስተኛው ምን አገኘህበት አልኩት። "አባባ፣ ሰው ሁሉ ያመነው ነገር ባንድ ጠዋት እንዴት እንደሚናድ ይናገራል" አለኝ። ነገሩ የባንክ ብቻ አልመሰለኝም።

እኔ ፊደል ባልቆጥርም መጽሐፍ መነበቡን አውቃለሁ። ሳከራይ መሐሉ ላይ ስንደዶ እሰካለሁ፤ ያነበበ ሰው ወይ ይጥለዋል ወይ ያዛውረዋል። ከመስቀል ወዲህ አንድ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ይመላለስብኛል። ጴጥሮስ እባላለሁ ይላል፤ ይሁን አይሁን እሱ ያውቃል። አራት መጽሐፍ ወስዶ መለሰ፤ የአራቱም ስንደዶ ካኖርኩበት ንቅንቅ አላለም። ለማያነብ ሰው መጽሐፍ ምን ያደርግለታል?

ባለፈው ወር የልቡን አወጣው። የባንኮቹን መጽሐፍ ማን ማን እንደወሰደው ጠይቆ መዝገብህን አምጣ አለኝ። "መዝገቤ ይኸው፤ እሱም አርጅቷል" ብዬ ራሴን አሳየሁት። በማግስቱ አዲስ ደብተር አምጥቶ፣ ሚስትህ ተምራለች አሉ፣ የተከራዩን ስም ትጻፍ ብሎኝ ሄደ። መማሯን ማን ነገረው? እናትሽ ጓጉታ እስክሪብቶ አንስታ ነበር። የሰው ስም ከጻፍሽበት እዚህ ቤት አታድሪም አልኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ራሷ ቀደደችው፤ የምታነቢው ወረቀት ከዚያው ነው።

ተክለጻድቅ በስልሳ ዘጠኝ ታስሮ በመከራ የወጣ ሰው ነው። አሁን ቢወስዱት አይመለስም። ቤቱ ሄጄ መጽሐፉን ተቀበልኩትና በደጄ እንዳትታይ አልኩት። ያ ጴጥሮስ ነኝ ባይ ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ ብሏል። ማን ወሰደው ሲለኝ፣ ማንም አልወሰደውም፣ እኔ ቤት ነው፣ ሚስቴ ታነብልኛለች እለዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከእኔ ምን ይወስዳል?

ክፋቱ፣ ምን ይላል ብሎ ቢጠይቀኝስ? እናትሽ በቀን ግማሽ ገጽ ነው የምትሄደው። ስምንት ገጽ ደርሰናል፤ እስካሁን አንድም ባንክ አልወደቀም። መራጯ አንቺ ነሽና የቀረውን ለበከር በቃል ንገሪው። ማን ቀድሞ እንደጠረጠረ፣ ማን አምኖ እንደቀረ ሳይቀር ንገሪው፤ እንዳትጽፊው። እሱ ቃል አይጥልም። እኔም እስከ ጥምቀት አጠናዋለሁ።

ለባልሽ ለኩማ ሰላም በይልኝ። ለአማትሽ እግዜር ጉልበት ይስጣቸው። ትልቁን ልጅሽን ኢታናን፣ ትንሿንም ሳሚልኝ። እናትሽ ናፍቄሻለሁ ትላለች፤ ይህን ጻፊ ያልኳት እኔ ነኝ።

አባትሽ ቦጂያ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 19 ቀን 1974 ዓ.ም.