ሁልጊዜ ከፊት፦ የአቶ ሞልቱ ዋቅጅራ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሞልቱ ዋቅጅራ ከአባታቸው ከአቶ ዋቅጅራ ጉደታና ከእናታቸው ከወይዘሮ በዳቱ ሂርጳ በ1926 ዓ.ም. ላፍቶ ተወለዱ። በመካኒሳ አቦ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ፣ ቄራ አካባቢ ከአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ገብተው የመኪና ጥገና ተማሩ። በ1951 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሙሉመቤት ገብረ መድኅን ጋር በተክሊል ተጋብተው ውዳሴንና ሙሴን አፍርተዋል።

አሁን የሚነበበው ዝለሉት የተባለው ነው። አንዳንድ የዕድር ሰዎች ልጃቸውን ውዳሴን፣ «የውድድሩን ነገር ተዪው፤ ታታሪ ሾፌር ነበሩ ብለሽ እለፊው» ብለዋታል። አይታለፍም! አቶ ሞልቱ ሾፌር ብቻ አልነበሩም።

ከ1957 እስከ 1962 ዓ.ም. በየዓመቱ የባዛር ሰሞን በላፍቶ ሜዳ በተደረገው የመኪና እሽቅድድም፣ ከወዳደቀ ብረት በገዛ እጃቸው ባቆሟት ትንሽ ፊያት ሴይቼንቶ የባለጸጋ ልጆችን ጉድ አድርገዋል። ሜዳው አስፋልት አያውቅም፤ አፈር ነው። ከፊት ያለው ይነዳል፣ ከኋላ ያለው አቧራ ይበላል። ተረት የመሰለው ካለ፣ ሁልጊዜ ሁለተኛ ይወጡ የነበሩት ጋሽ ሰዒድ እዚሁ ከመካከላችን ቆመዋልና ይጠይቃቸው።

በ1969 ዓ.ም. አቶ ሞልቱ በቀበሌው ስብሰባ «የመሳፍንት ጨዋታ አጫፋሪ» ተብለው ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ታዘዙ። እሳቸውም ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ጓዶች፣ ጥፋቴን አምናለሁ። በስልሳ ዓመተ ምሕረቱ ውድድር የባሕር ዛፉን ኩርባ አስፍቼ ስለያዝኩት ሰዒድ ሊቀድመኝ ነበር። ሁለተኛ አይለምደኝም» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሳቀው ሁሉ በሰላም ቤቱ ገባ፤ የእሳቸው ሴይቼንቶ ግን «ለሕዝብ ጥቅም» ተብላ ተወሰደች። ሕዝቡ ምን እንደተጠቀመባት እስከ ዛሬ አልታየም፤ ጎማዋ ወልቆ ከቀበሌው አጥር ሥር ዶሮ ታቀፈባት። ባለቤቷም በየጠዋቱ በአጠገቧ እያለፉ፣ የድርጅት የጭነት መኪና ነድተው ልጆቻቸውን አሳደጉ። ይኸው ነው እንግዲህ «ታታሪ ሾፌር» የሚባለው።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ሐኪሙ «የብዙ ዘመን አቧራ ነው» ቢላቸው ክፉኛ ተቆጡ። «ስማ ልጄ፣ እኔ ከፊት ነበርኩ! አቧራውን የበላው ሰዒድ ነው፤ እሱ ይኸው ደህና ነው» አሉት። ጥር 14 ቀን 1978 ዓ.ም. በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ከወንድም የማያንሷቸውን ጋሽ ሰዒድን ትተውልናል።

ዛሬ ከቤታቸው ወደ መካኒሳ አቦ ስንሸኛቸው በዚያው በባሕር ዛፉ ኩርባ አለፍን። እሳቸው ከፊት፣ ጋሽ ሰዒድና እኛ ከኋላ። አቧራውን በላን። እንደ ልማዳቸው ቀደሙን።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማንም ከማይነጥቀው ሥፍራ ያሳርፍልን።