የሰማ ይደግማል

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? ቤታችሁ እስከ መስኮቱ ጭቃ ገብቶበታል ሲሉ ሰማሁ፤ ምንጣፉን ፀሐይ ላይ አውጡት፣ አለዚያ ይሸታል። እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም እውነቱን ልንገርህና እንደዚህ ሳምንት ደህና ሆኜ አላውቅም።

ውሃው ስለጎደለ የፖስታ ጀልባው ዛሬ ሥራ ጀመረ። ነጂው፣ ያ ወሬ የማያልቅበት ሰውዬ፣ ገመዱን እንኳ ሳያስር ያንተን ጉድ ይዘረግፍልኝ ጀመር። የታችኛው ከተማ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ኮረብታው ላይ ሲወጣ፣ የጎርፍ ማስጠንቀቂያው ኃላፊ፣ ያው አንተ፣ ግን፣ ተዉ ወሬ ነው፣ ከላይ ስልክ ሳይመጣ ደወል አይደወልም ብሎ ሻዩን ይጠጣ ነበር አለኝ። ዳቦ ጋጋሪዋ ተመልሳ እጅህን ባትጎትት ኖሮ ውሃው ከነወንበርህ ይወስድህ ነበር አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ኋላ ሕዝቡ ለምን አልደወልክም ብሎ ቢይዝህ፣ ስልክ አልመጣልኝም ብለሃል አሉ። ማንም አላመነህም አሉ። ይህቺን ቃል የት ነበር የማውቃት፣ ጋሼ?

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አባባ እዚህ ላይኛው ከተማ የወንዙን ከፍታ ከምሰሶው ላይ እያነበበ ወደ ታች ይደውል ነበር፤ አንተ እዚያ ስልክ ተቀባይ ነበርክ። ሕጉን ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ፦ የሰማ ይደግማል፣ የደገመ ይጽፋል፣ የጻፈ ደወሉን ይደውላል። ውሃው ከዚህ ተነስቶ እናንተ ዘንድ ለመድረስ አንድ ቀን ይፈጅበታል። ሰው ለማዳን ይበቃል።

ያን ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት አባባ ሲደውልልህ አጠገቡ ቆሜ እርሳሱን እየቀረጽኩለት ነበር። ያ ስልክ እንደሆነ ለጎረቤት ያሰማል። አምስት ሜትር ከሠላሳ ብለህ ስትደግም በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ቀጥለህም ሰማያዊው ሸሚዜ ተተኩሶ ይላክልኝ አልክ፤ አባባ ሳቀ። አንተ ግን ቁጥሩን ሳትጽፍ፣ ደወሉን ሳትነካ ወጣህ። የት እንደሄድክ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁህም። በማግስቱ ዘጠኝ ሰው ሞተ።

አጣሪዎቹ ሲመጡ እኔ የተኮስኩልህን ሸሚዝ ለብሰህ፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ፣ ስልክ አልመጣልኝም አልክ። አባባ መዝገቡን ቢያሳያቸው ከጎርፉ በኋላ የሞላኸው ነው አሉት። ልናገር ስነሳ ክንዴን ያዘኝ። ተይው፣ ወንድምሽ ነው፣ ገና ልጅ ነው፣ ሕይወቱ አይበላሽ አለኝ። አባባን ከሥራ አባረሩት። ገበያ ሲወጣ ሰላምታ የሚመልስለት ጠፋ፤ አንዲት እናት ልጄን መልስልኝ ብላ ኮሌታውን አነቀችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ ደጃፍ ላይ ተቀመጠና ሞተ። ቀብሩ ላይ ከሁላችንም በላይ ጮኸህ ያለቀስከው አንተ ነህ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ወንድሜ።

ከዚያ የእሱን ሥራ የሚፈልግ ሲጠፋ እኔ ያዝኩት። ዘጠኝ ዓመት ምሰሶው ሥር ጠበቅሁ። ባለፈው ሳምንት ውሃው አምስት ሜትር ከሠላሳ ሲሞላ ስልኩን አነሳሁ። ለመካከለኛው ከተማ ደወልኩ፣ ደገሙ። ለዳቦ ጋጋሪዋ፣ ለርዕሰ መምህርቷ፣ ለዓሣ ገበያው ዘበኛ ደወልኩ፤ ሁሉም ደገሙ፣ ሁሉም ጻፉ። ልጆችህን አስቀድማ እንድታወጣ ዳቦ ጋጋሪዋን አደራ አልኳት፣ አውጥታልኛለች፣ ትመስገን። ቢሮው ያውቃል ወይ ብላ ብትጠይቀኝ፣ እሱ ኃላፊ አይደል እንዴ አልኳት። አንድም ሰው አልሞተም።

በመዝገቤ ላይ ግን ከሁሉም በላይ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ የአንተ ቢሮ አለ፦ አራት ሰዓት፣ ተደወለ፣ ተደገመ። ዳቦ ጋጋሪ ድረስ የደወለች ሴት የገዛ ወንድሟን ዘለለች ብሎ ማን ያምናል? አባባ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም የሐሰት መስመር አልጻፈም። እኔ አንድ ጽፌአለሁ። የትኛው እንደሆነ አንተና እኔ ብቻ እናውቃለን።

ሰኞ አጣሪዎቹ ይመጣሉ አሉ። ይህን ደብዳቤ ብታሳያቸው አንተ ነጻ ትወጣለህ፣ እኔ እታሰራለሁ። እሺ፣ ልታሰር። ብቻ ከላይ እስከ ታች ነው የሚነበበው፤ ሸሚዙም አለበት፣ አባባም አለበት።

ልጆቹን ሳምልኝ። ፈጣሪ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፤ እዚያው ከተማ፣ በዚያው ገበያ የምትመላለስበት።

እርሳስ ትቀርጽ የነበረችው እህትህ