ወታደር የሌለው ሻለቃ

ውድ አንተ ሰውዬ፣

ይህን የምጽፍልህ ደንበኞችህ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ቤት ውስጥ ለብቻዬ መብላት አልሆንልኝ ሲል ወደ ፀጉር ማስተካከያ ሱቅህ እመጣለሁ። ከመስታወቱ ፊት ስቀመጥ ቢያንስ አንድ ሰው አያለሁ። ማበጠሪያዎችህን አጥቤ ደርድሬያቸዋለሁ። አትሳቅብኝ፤ የማደርገው ጠፍቶኝ ነው።

ያን ቀን ሳስበው እውላለሁ። ተኩሱ ቆሞ፣ ከተማዋን የያዙት ወታደሮች የሰፈሩን ወንዶች ግድግዳ ሥር ሲያሰልፉ በመስኮት አይሃለሁ። "ሥራህ ምንድን ነው?" ሲሉህ ከደረት ኪስህ ማበጠሪያ አውጥተህ አሳየሃቸው። አንደኛው ሳቀና "ሂድ ወደ ቤትህ" አለህ። መንገዱን ሳትሻገር ሻይ ቤት ያላቸው እትዬ ደስታቸውን መቻል አቅቷቸው ከደጃፋቸው ጮኹ፦ "እሰይ! ሻለቃዬ ተረፈልኝ!"

"ማነው ሻለቃ?" አለ ያው ወታደር። አሁን አይስቅም ነበር።

ስሙ የወጣልህ ደንበኛውን ሁሉ "ቀና በል! እንዳትነቃነቅ! ተራህን ጠብቅ!" እያልክ ስለምታዝ እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። በዕድሜህ ከመቀስና ከምላጭ ሌላ ስለት አልጨበጥክም። "ቅጽል ስሜ ነው" አልካቸው። "እሱን እዚያ ታስረዳለህ" ብለው ወሰዱህ።

እስር ቤቱ በር ላይ ብርድ ልብስ ይዤ እናትህ ባወጡልህ ስም ጠየቅኩ። "በዚህ ስም የያዝነው ሰው የለም" አለኝ ዘበኛው። በዚያኛው ስም እንዳልጠይቅ ደግሞ በገዛ አፌ መኮንን ላደርግህ ነው። በስምህ ብጠራህ የለህም፣ በቅጽል ስምህ ብጠራህ ጠላታቸው ነህ። ብርድ ልብሱን ይዤ ተመለስኩ።

ከእስር ቤቱ የተፈታ አንድ ዳቦ ጋጋሪ መጥቶ ነገረኝ። "ወታደሮችህ የት ተደበቁ?" እያሉ ሲገርፉህ፣ "ፀጉራቸው አድጎ ሱቅ ይጠብቁኛል" አልካቸው አሉ። ምነው ሰውዬ! ቀልድም እኮ ቦታ አለው። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥዬ ይህን ወንበር አቅፌ አለቀስኩ።

አንዲት የሰብዓዊ መብት መርማሪም መጥታ ነበር። "ጦርነት ቢሆንም ሰላማዊ ሰው አይነካም፤ የተያዘ ሰውም አይገረፍም" አለችኝ።

"ሕጉ ቅጽል ስም ያውቃል ወይ?" አልኳት።

"የሚመሰክር ጎረቤት ካገኘሽ ይዤው እስር ቤቱ እገባለሁ" አለች።

በየደጁ ዞርኩ። ለሠርጋቸው ያሳመርካቸው ወንዶች ዓይኔን ሸሹት። ያ ወዳጅህ ልብስ ሰፊው እንኳ፣ "ዝም አይነቅዝም እህቴ፣ ልጆች አሉኝ" አለኝ። ፈርቶ እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ተቀይሜዋለሁ። ሰፈር ሙሉ ሰው እያለ እንዲህ ብቻዬን እቀራለሁ አላልኩም ነበር።

እትዬ ጋ አልሄድኩም። እውነቱን ልንገርህ፣ ጠልቻቸው ነበር። ዛሬ ራሳቸው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። "ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እሱንም የማወጣው እኔው ነኝ" አሉ።

"እርስዎንም ቢይዙዎትስ እትዬ?"

"እኔን ከያዙማ ጄኔራል ይበሉኝ!"

እየሳቁ ነበር። ቀሚሳቸውን ይዤ ወንበርህ ላይ አስቀመጥኳቸው።

ነገ ከመርማሪዋ ጋር እንሄዳለን። ይህ ደብዳቤ ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም። እትዬና መርማሪዋ ሲገቡ እኔን ከግንቡ ውጭ ነው የሚያቆሙኝ። እዚያ ሆኜ እናትህ ባወጡልህም ሰፈሩ ባወጣልህም ስም አልጠራህም። እቤት እንደማደርገው "አንተ ሰውዬ!" ብዬ እጮሃለሁ። አቤት አትበል፤ ድሮም ብለህ አታውቅም። እንደ ልማድህ ጉሮሮህን ብቻ ጥረግ። እዚያ ውስጥ ስንት ወንድ ቢኖር ያንተን እለየዋለሁ።

ያንተው ሴትዮ