የኮሪደሩን ግድግዳ እንዳትነኪ

እህቴ፣

ከሆስፒታል ሥራሽ ስትመለሺ እኔ ስፌት ቤት ስለምሆን በወረቀት ልንገርሽ። ካኮረፍሽኝም ሦስት ቀንሽ ነው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በመጨረሻ መጣ። እኔ ብሬከሩን ሳወርድ ስሰቅል ስከርም «ባለሙያ ይጠራ» ያልሽው አንቺ ነሽ። አልረሳሁትም፤ ደግመሽ አትንገሪኝ።

ቤታችን መብራት የሚገባው በሦስት መስመር ነው አለ። በቴስተሩ ሲነካካ ሁለቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ጠፍቷል። ለካ ያንቺ ክፍል እየበራ የእኔና ኩሽናው የጨለመው ለዚያ ነው። ያንቺ ምድጃ ጥፋት የለበትም። ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። በረንዳ ላይ ያወጣሁት እኮ ትንሽ ይናፈስ ብዬ ነው።

ፍሪጁን ካንቺ ሶኬት ላይ ሰክቼዋለሁ። ገመዱ በበርሽ ሥር ያልፋል፤ እንዳያደናቅፍሽ።

ሰውዬው ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዲስ ገመድ ይዞ ይመለሳል፤ ክፈቺለት። እስከዚያ የኮሪደሩን ግድግዳ እንዳትነኪ፤ ከፍቶት ነው የሄደው።

የተበጠሰው እዚያ ነው። ሚስማር ገመዱን ወግቶት አገኘው። «ይሄን ደግሞ ማነው የመታው?» ሲለኝ «አብራኝ የምትኖረው» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ግን ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ቀድሞኝ አነበበው። በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ በትልቁ፦ «ስትወጪ መብራት አጥፊ!»

ቤት ውስጥ ሌላ ባዶ ወረቀት አላገኘሁም። ይህን የጻፍኩልሽ በጀርባው ነው።