አባ ቆይ እና የ1989ኙ የጥድ ችግኝ

ወንድም ጋሼ፣ ችግኝ ጣቢያው ባወጣላቸው ስም አባ ቆይ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። እሳቸው የበኩር ልጅ ነበሩ፤ እኔ የመጨረሻው። አባታችን በጊዜ ስላረፉ ያሳደጉኝም፣ ኋላ በችግኝ ጣቢያው ሥራ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው።

የደን ሳይንስ ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1968 ዓ.ም. በችግኝ ጣቢያው ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ። ዕድሜያቸውን የፈጁት አረም የሚገድለው መድኃኒት የጥድ ችግኝን ለምን እንደሚምር ሲመረምሩ ነው። ከርጭት በኋላ በየሳምንቱ ቅጠሉን አጥበው፣ ፈጭተው፣ ውስጡ የቀረውን ይለኩ ነበር። የጠና ቅጠል ሰም ስለሚለብስ የሚያስገባው ጥቂት ነው፤ ያንንም ቀስ በቀስ ሰባብሮ መርዝነቱን ያጠፋዋል። ለጋው ግን ያገኘውን ሁሉ ይጠጣል፤ መድኃኒቱም እንዳለ እስከ ሥሩ ይወርዳል። ስለዚህ ሳይረጩ የችግኙን ጫፍ በጣታቸው ያጥፋሉ፤ እሺ ብሎ ከታጠፈ "ቆይ" ይላሉ። ስማቸውም ከዚያ መጣ።

በ1974 ዓ.ም. የቤተ ሙከራ ባልደረባቸውን አገቡ፤ ስድስት ዓመት "ቆይ" ሲሏት ከርመው ነው እየተባለ ተቀልዶባቸዋል። ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ።

በ1989 ዓ.ም. ሠላሳ ሺህ የጥድ ችግኝ ደረቀ። የተረጨው እሳቸው ስብሰባ በሄዱበት ሳምንት ነው። ሲመለሱ "ያዘዝኩት እኔ ነኝ" ብለው ፈረሙ። ከቤተ ሙከራ ተነስተው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ፤ እስከ ጡረታቸው አካፋና ባልዲ ሲያስረክቡ ኖሩ። ብዙዎቻችሁ "ችግኝ ፈጁ" ስትሏቸው ሰምቻለሁ። ልጆቻቸውም በአባታቸው አንገታቸውን ደፍተው አደጉ።

እሳቸው አላዘዙም። የረጨሁት እኔ ነኝ። አረሙ በልጦኝ፣ ሲመለሱ ሠርቼ ላሳያቸው ቸኩዬ፣ አንድም ጫፍ ሳልነካ ረጨሁት። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሥራዬን እንዳላጣ ብለው ጥፋቴን ተሸከሙልኝ። በቦታቸው የተሾምኩትም እኔ ነኝ። ሃያ ሰባት ዓመት አፌን ይዤ ኖርኩ። አፍራለሁ።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ጣላቸው። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ለልጆቹ እውነቱን ልንገራቸው ብላቸው፣ እጄን ያዝ አድርገው "ቆይ" አሉኝ። እንደ ልማዴ ቆየሁ። ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሰባ ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ልጆቼ፣ አባታችሁ አንድም ችግኝ አልገደሉም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳያስቆይ ይቀበልልን።