የአንድ ሲሊንደር ወረቀት፦ የአቶ ባስልዮስ ወልደሥላሴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ባስልዮስ ወልደሥላሴ ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ወልደሥላሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በዛብሽ ጥቅምት 12 ቀን 1954 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በውትድርና ከሰሜን መጥተው ነገሌ የቀሩ ሰው ነበሩ። አቶ ባስልዮስ ትምህርታቸውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚሁ ተማሩ። ባሕር አይተው የማያውቁ ቢሆኑም በ1973 ዓ.ም. ባሕር ኃይል ተቀጠሩ።

በ1976 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ ለዘጠኝ ወራት የጠላቂነት ሥልጠና ወስደው የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ወረቀቱ ምን ለብሰው መጥለቅ እንደተፈቀደላቸው ለይቶ ይናገራል፦ ጀርባ ላይ የሚታዘል፣ አንድ ሲሊንደር። አቶ ባስልዮስ ይህን መስመር እንደ ቀላል ነገር አይተውት አያውቁም። “ያልተጻፈልኝን አልለብስም” ይሉ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ ሲበተን በአሰብ በኩል ወጥተው፣ የመን ጥቂት ወራት ቆይተው፣ የለበሱትን ብቻ ይዘው ነገሌ ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት በውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት የፓምፕ መካኒክ ሆነው ተቀጠሩ። በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሸዋርካብሽ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው ቤተልሄምንና ሰለሞንን ወለዱ።

የነገሌ ሰው የሚያውቃቸው በፓምፕ ሥራቸው ብቻ አይደለም። የገናሌ ወይም የዳዋ ወንዝ ሰው በወሰደ ጊዜ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። መጀመሪያ ትንፋሻቸውን ብቻ ይዘው፣ በኋላም አንድ የረድኤት ድርጅት በሰጠው ሲሊንደር እየጠለቁ የስንቱን ሰው አስከሬን አውጥተው ለቀብር አብቅተዋል። ከእናንተ መካከል በዚህ የምታስታውሷቸው ብዙዎች ናችሁ።

መሥሪያ ቤቱ ለጉድጓድ ሥራ ጠላቂዎች በቀጠረ ጊዜ አሠልጣኙ እሳቸው ሆኑ። ያን ጊዜ አንድ ገጽ ፎርም አዘጋጁ። ማንም ሰው ወደ ውሃ ከመግባቱ በፊት ፎርሙ ይሞላል፤ እሳቸውም ይፈርሙበታል። ከጥያቄዎቹ አንዱ “ጠላቂው ለሚለብሰው መሣሪያ ሠልጥኗል?” የሚል ሲሆን መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። በ2006 ዓ.ም. ከዱብሉቅ መጥቶ የተቀጠረው ጃልዴሳ ዲዳ በዚህ ፎርም ይቀልድባቸው ነበር። በልጃቸው ስም እየጠራ፣ “አባ ሰለሞን፣ እርስዎ እኮ ዓሣውንም ፎርም ሳያስሞሉ አያስዋኙትም” ይላቸዋል። ጃልዴሳ ጥልቅ የቦረና ጉድጓዶች ውስጥ ውሃ እየቀዳ ያደገ፣ ጠንካራና ሳቂታ ሰው ነበር። አቶ ባስልዮስ ካሠለጠኗቸው ሁሉ እንደ እሱ የሚወዱት አልነበረም።

በ2009 ዓ.ም. ድርቁ በበረታ ጊዜ የረድኤት ድርጅቱ ለጠባብ ጉድጓድ የሚሆን አዲስ መሣሪያ አመጣ። ሁለት ሲሊንደሮች ያሉት ሲሆን ጀርባ ላይ አይታዘልም፤ በግራና በቀኝ ብብት ሥር ይንጠለጠላል። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ የአፍ መተንፈሻ ስላለው ጠላቂው አንዱን እየተወ ሌላውን እየያዘ እያፈራረቀ መተንፈስ አለበት። አቶ ባስልዮስ መመሪያውን ካነበቡ በኋላ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፉ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፦ በአንድ ሲሊንደር የሠለጠነ ሰው ይህንን ለመልበስ የተለየ ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም? ካስፈለገው ከየት ያገኛል?

የጽሑፍ መልስ አልመጣም። ኃላፊው አቶ ኢያድ ግን በቃል፣ “ጋሼ ባስልዮስ፣ ጠላቂ ጠላቂ ነው። ላንድክሩዘር የሚነዳ ሰው ለፒክአፕ ሌላ መንጃ ፈቃድ ያወጣል እንዴ?” አሏቸው። እሳቸውም፣ “ኢያድ፣ የመኪና ሞተር ሲጠፋብህ ወርደህ ትገፋለህ። እዚያ ታች ምን ልትገፋ ነው?” ብለው መለሱ። አቶ ኢያድ ክፉ ሰው አልነበሩም። በየቀኑ ውሃ አለቀብን የሚል ስልክ ከሦስት ወረዳ ይደወልላቸው ነበር፤ ለሥልጠና ሰው ውጭ አገር ለመላክም ሥልጣን አልነበራቸውም።

በየካቲት ወር ከዱብሉቅ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጉድጓድ ፓምፑ ከነቧንቧው ተበጥሶ ወደቀ። ያ ጉድጓድ ለአራት መንደር ብቸኛው ውሃ ነበር። አቶ ባስልዮስ ጀርባ ላይ በሚታዘለው አንድ ሲሊንደር ሁለት ጊዜ ወረዱ። ሲሊንደሩ የቧንቧውን ማሠሪያ ብረት አላልፍ አላቸው፤ በሁለተኛው ሙከራ የጆሮ ታምቡራቸው ተቀዶ እየደሙ ወጡ። ከዚያ በኋላ እሳቸው መውረድ አይችሉም ነበር። አዲሱ መሣሪያ ግን በዚያ ጥበት ያልፋል።

ከብታቸውን ይዘው ከሚጠብቁት መካከል የጃልዴሳ አባት አቶ ዲዳ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ወደ አቶ ባስልዮስ ቀርበው በኦሮምኛ ሰላምታ፣ “አካም፣ ባስልዮስ። ወረቀቱ ቢዘገይ አይሞትም። ከብቱ ግን ይኸው እያየኸው ነው” አሏቸው። ጃልዴሳም፣ “አባ ሰለሞን፣ ያሳዩኝ፤ እኔ እወርዳለሁ” አለ። አቶ ባስልዮስ በመሥሪያ ቤቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ለሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አለማመዱት። የቀረውን አየር የሚያሳየው ጌጅ በሃምሳ በቀነሰ ቁጥር መተንፈሻ እንዲቀይር ደጋግመው ነገሩት። የካቲት 19 ቀን 2009 ዓ.ም. ጠዋት ፎርሙን ሞሉ። “ለሚለብሰው መሣሪያ ሠልጥኗል?” ከሚለው ፊት “አዎ” ብለው ጽፈው ፈረሙ።

ጃልዴሳ ወርዶ ገመዱን ከፓምፑ ጋር አሠረ፤ ማሠሩንም ገመዱን ሁለቴ ስቦ አሳወቀ። ከዚያ በኋላ ምልክት አልመጣም። በገመድ ተጎትቶ ሲወጣ ሕይወቱ አልፎ ነበር። የግራው ሲሊንደር ጌጅ ዜሮ ላይ ነበር፤ የቀኙ ሙሉ ነበር። አየሩ ሲያልቅበት በአንድ ሲሊንደር የሠለጠነ ሰው እንደሚያደርገው ወደ ላይ ለመውጣት ሞከረ፤ ማሠሪያው ብረት ያዘው። ሁለተኛው መተንፈሻ ደረቱ ላይ ነበር፤ እጁ ግን እሱን መፈለግን አልለመደም። ፓምፑ ጃልዴሳ ባሠረው ገመድ በዚያው ቀን ወጣ፤ በማግስቱም ከብቱ ጠጣ።

የተቋቋመው አጣሪ ቡድን ማንም ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ደመደመ፤ ማስረጃው ያ ፎርም ነበር። አቶ ባስልዮስ “አዎ” ያሉት ውሸት መሆኑን በጽሑፍ አመለከቱ። አቶ ኢያድም፣ “ጋሼ፣ ፋይሉ ተዘግቷል። ለራስዎም ይዘኑ” አሏቸው። ደብዳቤው ከፋይሉ ጋር አልተያያዘም።

አቶ ዲዳ ነገሌ ድረስ መጥተው፣ “ውረድ ያልኩት እኔም ነኝ። ናጋ ነው፣ ሰላም ነው፣ ባስልዮስ” ብለው ይቅርታ አደረጉላቸው። አቶ ባስልዮስ ግን ይቅርታውን ከመቀበላቸው በፊት የፎርሙን ቅጂ አውጥተው አነበቡላቸው። አቶ ዲዳ “አዎ” የሚለው የቱ ጋ እንደሆነ በጣታቸው እንዲያሳዩአቸው ጠየቁ፤ አሳዩአቸው። አቶ ዲዳም ወረቀቱን አጥፈው መለሱላቸውና ወጡ። ከዚያ ወዲህ አልተገናኙም።

አቶ ባስልዮስ ከዚያ ቀን በኋላ አልጠለቁም። ወንዝ ሰው ሲወስድ ሊጠሯቸው የሚመጡትን ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ከበር ይመልሷቸው ነበር። እስከ ጡረታቸው ድረስ ያንን አንድ ጥያቄ በየዓመቱ ለልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ጽፈዋል፤ አሥራ አንድ ደብዳቤ ነው። መልስ የመጣለት የለም። መሣሪያው ዛሬም መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፤ ባለፈው ዓመት የወጣው የጠላቂ ቅጥር ማስታወቂያም የሚጠይቀው “ልምድ ያለው” ብቻ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላ የኩላሊት ሕመም አደረባቸው። ነገሌና ሐዋሳ ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በስድሳ ሁለት ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ።

ከማረፋቸው በፊት ይህ ታሪክ ፎርሙ ሳይቀር እንዲነበብ አዘዙ። እህታቸው እናቴ ሐረገወይን፣ “ወንድምዓለም፣ ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይነበባል እንዴ?” ብላ አልቅሳ ለምናቸው ነበር። እሳቸውም፣ “ካልተነበበ ፎርሙ ላይ ያለው ብቻ እውነት ሆኖ ይቀራል” አሉ። እኔ የእህታቸው ልጅ ኤልያብ ቃላቸውን ጠብቄ እንዳዘዙኝ ጽፌዋለሁ።

አቶ ባስልዮስ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸዋርካብሽን፣ ልጆቻቸውን ቤተልሄምንና ሰለሞንን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ሐረገወይንን ትተው አልፈዋል።

ለቀብራቸው ከየአገሩ ለመጣችሁ ሁሉ አምላክ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ስለ ነፍሳቸው ልትጸልዩ ስትቆሙ ግን አስቀድማችሁ የጃልዴሳ ዲዳን ስም እንድትጠሩ አደራ ብለዋል። ፈጣሪ ጃልዴሳን በሰላም ያሳርፈው። ቀጥሎም፣ ፈቃዱ ቢሆን፣ ባስልዮስን ይማራቸው።