ለባለ አንድ በሬ ስለ ተሰረዘችው መስመር

ሚያዝያ 2010 ዓ.ም.
ለተከበሩ የ«ጥሪት» የእንስሳት ጤና መተግበሪያ የትርጉም ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ በታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ፣ ከአንድ በሬ በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

የመተግበሪያዎን መልእክቶች ወደ አማርኛ የመለስሁት እኔ ነኝ። የክትባት ጥሪው በፋይሉ ውስጥ ተጠቃሚው ባስመዘገበው የበሬ ብዛት እየተመረጠ የሚላክ ሦስት መስመር ነበረው፤ አንዱ በሬ ለሌለው፣ አንዱ አንድ በሬ ላለው፣ አንዱ ከዚያ በላይ ላለው። ክፍልዎ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተመሳስለውበት፣ ድግግሞሽ ነው ብሎ ሁለተኛውን ባዶ አድርጎታል። ለፋይል ንጽሕና ያለዎትን ቅናት ከልብ አደንቃለሁ። ያስከተለውን ደግሞ በአክብሮት ላስረዳ።

፩ኛ. እዚህ አገር በሬ የሚያርሰው በጥንድ ቢሆንም በየቤቱ በጥንድ አይገኝም። ጎረቤቶቼ ወይዘሮ ጌጤና አቶ አለበል አንዳንድ በሬ ስላላቸው መቀናጆ ሆነው፣ ሁለቱን በሬ ጠምደው፣ ተራ በተራ ያርሳሉ። ቀድሞ ክትባት ሲመጣ በገበያ ይለፈፍ ነበር፤ መተግበሪያዎ ከመጣ ወዲህ ልፈፋው ቀርቷል። የጥሪው ዕለት የሁለቱም ስልክ ጮኸ፤ ሲከፍቱት ነጭ ገጽ ብቻ ሆነባቸው። ወይዘሮ ጌጤ ካርድ ያለቀባቸው መስሏቸው ስልኩን አስቀመጡት። ባለ ብዙ በሬዎቹ ከብታቸውን ነድተው አስከተቡ። ብዙም ሳይቆይ የወይዘሮ ጌጤን በሬ አባ ሰንጋ ገደለው፤ የአቶ አለበልም ብቻውን አያርስምና ሁለት ቤት እርሻ ፈታ።

፪ኛ. ይህንኑ ደጋግሜ ብጽፍልዎ፣ ባለ አንድ በሬ ተጠቃሚ ጥቂት ስለሆነ ጉዳዩ አያስቸኩልም የሚል ትሕትና የተሞላበት መልስ ልከውልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እኛ ዘንድ ግን አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። ሳልሸሽግ ልንገርዎ፣ ተናድጃለሁ።

ከታቢዎቹ በመጪው ዓርብ ይመለሳሉ። ለአቶ አለበል በቃሌ ነግሬያቸዋለሁ፤ በየቀበሌው ያሉትን ባለ አንድ በሬዎች ግን በእግሬ ዞሬ አልደርስባቸውም። መስመሯን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በድጋሚ ልኬያለሁና ከዓርብ በፊት ወደ ቦታዋ ይመልሱልን።

ድግግሞሽ ለማይወዱት ክቡርነትዎ ደጋግሜ እጅ እየነሣሁ፣
እድላዊት ደሴ
ከአርብ ገበያ

የተረሳ ነገር፦ ወይዘሮ ጌጤ ለምነውኝ ትናንት በስልካቸው ላይ ያስመዘገቡትን የበሬ ብዛት ከአንድ ወደ ዜሮ ዝቅ አደረግሁላቸው። ወዲያው «በሬ ስለሌለዎት ክትባት አያስፈልግዎትም» የሚል፣ አንድ ፊደል ያልጎደለበት ጽሑፍ ወጣ። ያችንም መስመር የተረጎምሁት እኔ ነኝ፤ ሳይነኩ ስላቆዩልን አመሰግናለሁ። ሳነብላቸው ወይዘሮ ጌጤ፣ ስልኩ ገና አሁን አወቀኝ አሉ።